ከጥጥ ማሳ እስከ ሮክ መድረክ፤ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ

የሮክ ሙዚቃ ታሪክ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት ኤልቪስ ፕሪስሊ፣ ቸክ ቤሪ እና ሊትል ሪቻርድ ናቸው። ጊታር አንግቶ፣ ድምፁን በኤሌክትሪክ አጉልቶ መድረክ ላይ የሚንጎራደድ ወንድ የሮክ መልክ ሆኖ በብዙዎች አእምሮ ተቀርጿል። እነዚህ ሰዎች ገና ልጆችና ወጣቶች ሳሉ ግን ኤሌክትሪክ ጊታሯን በደረቷ ላይ አንግታ በአሜሪካ ከከተማ ከተማ እየዞረች የተቀመጠውን ሕዝብ ከወንበሩ የምታስነሣ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ሊትል ሪቻርድን በልጅነቱ ወደ ትልቅ መድረክ ያወጣችውም እርሷ ናት። ስሟ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ይባላል።

ሮዜታ የተወለደችው መጋቢት 20 ቀን 1915 በአርካንሶ ግዛት፣ ኮተን ፕላንት በተባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የከተማዋ ስም በአማርኛ የጥጥ ተክል እንደ ማለት ነው። ስሙ እንደሚናገረው የአካባቢው ሕይወት ጥጥ ነበር፤ እናቷም አባቷም ጥጥ ለቃሚዎች ነበሩ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ የአብዛኛው ጥቁር ገበሬ ኑሮ በእኩል እርሻ ላይ የተመሠረተ ነበር። ባለመሬቱ መሬቱን፣ ዘሩን፣ በቅሎውንና የእርሻ መሣሪያውን በዱቤ ይሰጣል፤ ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ ያርሳል፣ ይኮተኩታል፣ ይለቅማል። ምርቱ ሲሸጥ ግማሹ ወደ ባለመሬቱ ይሄዳል፤ ከቀረው ላይ ደግሞ የዓመቱ ዱቤ ይቀነሳል። የሒሳብ መዝገቡን የሚይዘው ባለመሬቱ ራሱ በመሆኑ ብዙው ቤተሰብ ዓመቱን የሚዘጋው በዕዳ ነበር። ጥጥ ደግሞ የሴቱንም የሕፃኑንም እጅ የሚሻ ሰብል ነው። ፍሬው በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ስለዚህ ማሳው ተደጋግሞ መለቀም አለበት፤ የደረቀው ቅርፊትም የለቃሚውን ጣት ይወጋል። ጥጥ የሚያመርት አርሶ አደር ይህን ለማወቅ አስረጂ አያሻውም።

እናቷ ኬቲ ቤል ኑቢን ከጥጥ ለቀማው ባሻገር ዘማሪና ሰባኪ ነበሩ፤ ማንዶሊንም ይጫወታሉ። አባል የነበሩበት ቸርች ኦፍ ጎድ ኢን ክራይስት የተባለው የጴንጤቆስጤ ቤተ እምነት በጥቁሮች የተመሠረተ ሲሆን፣ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚጸየፉትን ከበሮ፣ ጥሩንባና ጊታር ለአምልኮ ይጠቀም ነበር። ሴቶችን ለክህነት ባይሾምም እንዲያስተምሩና እንዲዘምሩ ይፈቅዳል። አንዲት ሴት በሕዝብ ፊት ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታሰማበት ቦታ ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሮዜታም በ4 ዓመቷ ጊታር መነካካት የጀመረችው በዚሁ ጉባኤ መካከል ነው። በ6 ዓመቷ ከእናቷ ጋር በየከተማው የሚዞር የወንጌል ጉዞ ቡድን አባል ሆነች።

እናትና ልጅ ሰሜኑን ተስፋ አድርገው ገጠሩን ከለቀቁት እጅግ ብዙ ጥቁሮች መካከል ነበሩ። መኖሪያቸውን በቺካጎ አደረጉ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ከሚሲሲፒና ከአርካንሶ ማሳዎች የመጣው ብሉዝ እና ከኒው ኦርሊንስ የመጣው ጃዝ የሚገናኙባት ነበረች። ልጅቱ በጉባኤው ውስጥ የምትዘምረው መዝሙር ነው፤ ከደጅ የሚሰማው ግን ዘፈን ነው፤ ጆሮዋ ሁለቱንም ያዘ። መዝሙርና ዘፈን የተለያዩ ዓለማት ናቸው ብሎ በሚያምን ሕዝብ መካከል ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ ምን እንደሚያስከፍል የዕድሜ ልክ ኑሮዋ አሳይቷታል።

በ1934 ቶማስ ቶርፕ የተባለ ሰባኪ አገባች። ትዳሩ አልዘለቀም፤ ስሙ ግን በጥቂቱ ተለውጦ ታርፕ ሆኖ ቀረላት። በ1938 እናቷን ይዛ ወደ ኒው ዮርክ አቀናች፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ኮተን ክለብ በተባለው ዝነኛ የምሽት ክበብ ከካብ ካሎዌይ ጋር መድረክ ላይ ወጣች። ከጥጥ ተክል ከተማ የመጣችው ልጅ የጥጥ ክለብ ውስጥ ገባች ማለት ነው። በመድረኩ ላይ ያሉት ጥቁሮች፣ በወንበሩ ላይ ያሉት በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ መዝሙር መጠጥ በሚቀዳበት ቤት ሲሰማ የገዛ ቤተ እምነቷ ሰዎች ደነገጡ፤ ብዙዎችም ተቀየሟት።

በዚያው ወር የመጨረሻ ቀን ዴካ ለተባለው ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን አራት ዜማዎች በሸክላ አስቀረጸች። ከእነዚህ አንዱ የቶማስ ዶርሲን መዝሙር መሠረት ያደረገው ሮክ ሚ ነው። ቃሉ በዚያን ጊዜ የሙዚቃ ስም አልነበረም፤ እናት ልጇን አቅፋ እሹሩሩ ስትል የምታደርገውን መወዝወዝ የሚገልጽ ነበር። በታኅሣሥ 23 ደግሞ ጆን ሃሞንድ የጥቁሮችን ሙዚቃ ከመንፈሳዊው እስከ ስዊንግ ለማሳየት በካርኔጊ አዳራሽ ባዘጋጀው ዝግጅት ላይ ተጫወተች። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ክለቡን፣ ሸክላውንና የአገሪቱን እጅግ የተከበረ አዳራሽ አዳረሰች፤ ዕድሜዋ ገና 23 ነበር።

ስለ ጊታሯ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትይዘው አካሉ ከብረት የተሠራ ጊታር ነበር፤ በውስጡ ያለው የብረት ሾጣጣ ድምፁን ያጎላዋል። በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ተሻገረች። አብዛኞቹ ሴት ድምፃውያን ባንዱ ከኋላ ሆኖ ሲያጅባቸው ማይክሮፎን ይዘው በሚቆሙበት ዘመን፣ እርሷ ዜማውን አቋርጣ ጊታሩን ብቻውን ታናግረዋለች፤ ክሮቹን እያጠማዘዘች፣ የድምፅ ማጉያው እስኪሻክር ድረስ ጉልበት እየጨመረችበት። ያ ሻካራ ድምፅ ከጊዜ በኋላ የሮክ፣ ከዚያም የሄቪ ሜታል መለያ ሆኗል። እንደ ወንድ ትጫወታለች እያሉ የሚያደንቋት ነበሩ። ምስጋናው የተሰጠው ለእርሷ ይሁን ለወንዶቹ አንባቢ ይፍረደው።

ከ1941 እስከ 1943 ከለኪ ሚሊንደር ኦርኬስትራ ጋር ሠራች፤ ዓለማዊ ዘፈኖችንም ተጫወተች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በባሕር ማዶ ላሉ የአሜሪካ ወታደሮች በሚላኩት ሸክላዎች ላይ ድምፃቸው ከተካተተ ጥቂት ጥቁር ዘማሪዎች አንዷ ነበረች። ከኦርኬስትራው ከወጣች በኋላ ወደ መዝሙሯ ተመለሰች፤ ነገር ግን የተመለሰችው በስዊንግ እና በብሉዝ የሰለጠነ እጇን ይዛ ነው።

በ1944 ከፒያኖ ተጫዋቹ ሳሚ ፕራይስ ጋር ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፕኒንግ ኤቭሪ ዴይ የተባለውን ሥራ አስቀረጸች። በዚያን ጊዜ የአንድ ሸክላ ዕድል ከሚወሰንባቸው መንገዶች አንዱ ጁክ ቦክስ ነበር፤ ሳንቲም ሲጎርስ የተመረጠለትን ሸክላ የሚያጫውት፣ በየመጠጥ ቤቱና በየምግብ ቤቱ የሚቆም ሳጥን። ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት በእነዚህ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ የተጫወቱትን ሸክላዎች ይከታተልና ደረጃ ያወጣላቸው ነበር፤ የጥቁሮቹንም ለብቻው ለይቶ የዘር ሸክላዎች በሚል ርዕስ ያስቀምጠዋል። በ1945 የሮዜታ መዝሙር በዚህ ሰንጠረዥ እስከ 2ኛ ደረጃ ወጣ። መዝሙር ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ ከዘፈኖች ጋር በዚህ ደረጃ ሲወዳደር ያልተለመደ ነበር። አንዳንድ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሸክላ ከመጀመሪያዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ሥራዎች አንዱ ያደርጉታል። በዚያን ጊዜ ኤልቪስ ፕሪስሊ ገና ልጅ ነበር። በዚያው በአርካንሶ የጥጥ እርሻ ላይ ያደገው ጆኒ ካሽ ደግሞ በ1992 በሮክ የክብር ቤተ መዘክር ስሙ ሲሰፍር፣ በልጅነቱ ያደንቃቸው ከነበሩት ድምፃውያን መካከል ሮዜታን በስም ጠርቷታል።

በ1947 በጆርጂያ ግዛት ሜከን ከተማ ዝግጅት ነበራት። በአዳራሹ ለስላሳ መጠጥ እየሸጠ የሚውል፣ ሪቻርድ ፔኒማን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከዝግጅቱ በፊት መዝሙሯን ሲያንጎራጉር ሰማችው፤ ወደ መድረክ ጠራችው፤ ከዘመረም በኋላ ከኪሷ አውጥታ ከፈለችው። ልጁ በኋላ ዓለም ሊትል ሪቻርድ ብሎ ያወቀው ነው።

መንገዱ ግን እንደ መድረኩ አልነበረም። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር የሚያድርበት ሆቴል፣ ገብቶ የሚበላበት ምግብ ቤት እምብዛም አልነበረም። ሮዜታ በአውቶቡሷ ውስጥ ታድር ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከነጮቹ ጆርዳኔርስ ጓድ ጋር ስትጓዝ፣ እነርሱ ምግብ ቤት ገብተው ይበላሉ፤ ለእርሷም ይዘውላት ይወጣሉ። የዝግጅቱ ባለቤት፣ የትኬቱ ስም፣ ሕዝቡ የመጣላት ሴት በአውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ራቷን ትጠብቃለች። እነዚያው ጆርዳኔርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኤልቪስ ፕሪስሊ አጃቢዎች ሆነዋል።

በ1946 ማሪ ናይት የተባለችውን ድምፃዊት አገኘች። ሁለቱ ሴቶች አብረው ሸክላ አስቀረጹ፤ አገሪቱንም አብረው ዞሩ። ሮዜታ ጊታር ትመታለች፤ ማሪ ፒያኖ ላይ ትቀመጣለች፤ ድምፃቸው ይቀባበላል። ሁለት ሴቶች ብቻቸውን መድረኩን ይዘው አዳራሽ መሙላታቸው ሴት ከወንድ ባንድ ፊት የምትቆም ጌጥ ናት የሚለውን ልማድ በተግባር ያፈረሰ ነበር።

ሐምሌ 3 ቀን 1951 በዋሽንግተን ከተማ በግሪፊዝ ስታዲየም ራስል ሞሪሰንን አገባች። ሠርጉ እንደ ኮንሰርት የተሰናዳ ሲሆን ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ትኬት ገዝቶ ገባ። ቃል ኪዳኑ ከተፈጸመ በኋላ ሙሽራይቱ ቬሏን እንደለበሰች ጊታሯን አንሥታ ተጫወተች፤ ርችት ተተኮሰ፤ ዴካም ሁሉን በሸክላ ቀረጸው። የመጀመሪያው የስታዲየም ኮንሰርት እርሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ቢያንስ ሙሽራ በገዛ ሠርጓ ላይ አዝማሪም የሆነችበት ትልቁ ሠርግ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መቀዝቀዝ ጀመረ። በ1953 ከማሪ ናይት ጋር ብሉዝ ባስቀረጸች ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አድማጮቿ ራቋት፤ የዓለማዊው ዘፈን አድማጭም በበቂ ቁጥር አልመጣላትም። በቀጣዩ ዓመት፣ በሐምሌ 1954፣ በሜምፊስ ከተማ ደዊ ፊሊፕስ የተባለ የሬዲዮ አቅራቢ የአንድን የ19 ዓመት ነጭ ወጣት የመጀመሪያ ሸክላ በአንድ ምሽት ደጋግሞ አጫወተ። ወጣቱ ኤልቪስ ፕሪስሊ ነበር።

የሬዲዮ ጉልበት እዚህ ላይ ይታያል። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች ጥቂት ዜማዎችን መርጠው ቀኑን ሙሉ የመደጋገምን ዘዴ ተማሩ። አድማጭ የሚወደው የለመደውን ነው፤ የሚለምደው ደግሞ የተደጋገመለትን ነው። ሸክላ ሻጩ የሚያስመጣው ሬዲዮ ያጫወተውን፣ ጣቢያውም የሚያጫውተው የተሸጠውን ሆነ። ከዚህ ዙሪያ የወጣ ተመልሶ ለመግባት ይቸገራል። ጣቢያዎቹም እንደ እህል ከረጢት በየዓይነቱ ተለይተው ነበር፤ መዝሙር ለእሑድ፣ የጥቁሮች ዘፈን ለጥቁሮች ጣቢያ፣ ሮክ ኤንድ ሮል ለነጭ ወጣቶች። ዕድሜዋ ወደ 40 የተጠጋ፣ ስለ እግዚአብሔር የምትዘምር፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የምትመታ ጥቁር ሴት የትኛው ከረጢት ውስጥ ትገባለች? የፈለሰፈችው አጨዋወት በየጣቢያው እየተሰማ እርሷ ግን አልተሰማችም።

ይህ የሮዜታ ብቻ ዕጣ ሆኖ አልቀረም። ሁለት ሴቶችን አከታትሎ ማጫወት አድማጭ ያሸሻል የሚለው ያልተጻፈ ሕግ በአሜሪካ ሬዲዮ ለአሥርተ ዓመታት ኖሯል። ጆን ጄት የተባለችው የሮክ ጊታር ተጫዋች በርካታ ኩባንያዎች እምቢ ስላሏት የራሷን ኩባንያ ለመመሥረት ተገድዳለች፤ በ1982 የአገሪቱን ቁጥር 1 ዘፈን ይዛ ብቅ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ካናዳዊቷ ሣራ ማክላክላን በ1997 ሴቶች ብቻ የሚመሩትን ሊሊዝ ፌር የተባለ የኮንሰርት ጉዞ ያዘጋጀችው አዘጋጆችና ጣቢያዎች ሁለት ሴቶችን በተከታታይ አናቀርብም ማለታቸው አንገሽግሿት ነው። በ2015 ደግሞ አንድ የአገርኛ ሙዚቃ የሬዲዮ አማካሪ ወንዶቹን በሰላጣ ቅጠል፣ ሴቶቹን እዚህም እዚያም ጣል በሚደረግ ቲማቲም መስሎ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ቲማቲም ያመረተ ሰው ይህን ምሳሌ ቢሰማ የሚታዘበው ሌላም ነገር አለ፤ ቲማቲሙ ያነሰው ሣህኑን ያዘጋጀው ሰው ስላሳነሰው እንጂ ከማሳው ስለጠፋ አይደለም።

ሮዜታ በአገሯ ስትረሳ ባሕር ማዶ ፈለጋት። በ1957 ከእንግሊዛዊው ክሪስ ባርበር ባንድ ጋር ብሪታንያን ዞረች፤ አሜሪካዊውን ብሉዝ ከሸክላ ብቻ የሚያውቁ ወጣቶች በዓይናቸው አዩዋት። በ1964 ከመዲ ዋተርስና ከሌሎች የብሉዝ ሰዎች ጋር ተመለሰች። ግንቦት 7 ቀን ግራናዳ ቴሌቪዥን በማንቸስተር ከተማ አገልግሎቱን ባቋረጠ ዊልብራሃም ሮድ በተባለ የባቡር ጣቢያ ዝግጅቱን ቀረጸ። አንደኛው የሃዲድ ዳር መድረክ ሆነ፤ በማዶው ዳር ተመልካቹ ተቀመጠ። አዘጋጆቹ ጣቢያውን የአሜሪካ ደቡብ ለማስመሰል ሣጥኑን፣ ዶሮውን፣ ፍየሉን ሳይቀር አምጥተው ነበር። ጥጥ ለቃሚዎች ያሳደጓት፣ የዚያን አገር እውነተኛ ጣቢያዎች የጥቁር በተባለው በር እየገባች ያደገች ሴት ይህን ጌጥ ስታይ ምን እንዳሰበች ፊቷ አይናገርም።

ከዚያ ዝናብ ወረደ። ሮዜታ በፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ደርሳ ካፖርቷን እንደለበሰች ወረደች፤ የመክፈቻውን ዜማ ቀይራ ስለ ኖኅ ዝናብ የሚናገረውን ዲድንት ኢት ሬይን መረጠች። ነጭ ኤሌክትሪክ ጊታሯን አነገተች። ውኃ በተኛበት ድንጋይ ላይ በተረከዝ ጫማ ቆማ፣ በ49 ዓመቷ፣ ጊታሩን ስትመታው በማዶ ያሉት ወጣቶች ብርዱን ረስተው ሲያጨበጭቡ ይታያሉ። ያ ፊልም ባይቀረጽ ኖሮ ዛሬ ስለ እርሷ የሚሰማው ሁሉ ወሬ ብቻ በሆነ ነበር፤ ሰው ምንም ያህል ቢገልጸው ያንን እጅ ሳያዩ ማመን ያዳግታልና።

እናቷ በ1968 ዐረፉ። በ1970 አውሮፓ ውስጥ በጉዞ ላይ ሳለች ስትሮክ መታት፤ በስኳር በሽታው ምክንያትም አንድ እግሯ ተቆረጠ። ይህም አላስቆማትም፤ መድረክ ላይ መውጣቷን ቀጠለች። አዲስ ሸክላ ለመቅረጽ ቀጠሮ ተይዞላት ሳለ ሌላ ስትሮክ ደገማት። ጥቅምት 9 ቀን 1973 በፊላዴልፊያ ከተማ በ58 ዓመቷ ዐረፈች። በኖርዝውድ መቃብር ተቀበረች፤ በመቃብሯ ላይ ግን ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልቆመም።

የሮክ ኤንድ ሮል የክብር ቤተ መዘክር በ1986 የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች ሲመርጥ ኤልቪስ፣ ቸክ ቤሪና ሊትል ሪቻርድ ሁሉም ነበሩበት። በዚያ ዓመት ከተመረጡት ሙዚቀኞች መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም። በ1998 የአሜሪካ ፖስታ የሮዜታን ምስል በቴምብር ላይ አወጣ። በ2007 ጌይል ዋልድ የተባሉ ምሁር የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተሙ። በጥር 2008 አድናቂዎቿ የመቃብር ድንጋይ ለማቆም ኮንሰርት አዘጋጁ፤ የፔንሲልቬንያ ግዛት አስተዳዳሪም ጥር 11ን የሲስተር ሮዜታ ታርፕ ቀን ብለው ሰየሙት። ከ34 ዓመታት በላይ ምልክት አልባ ሆኖ ለቆየው መቃብር በተሰበሰበው ገንዘብ ድንጋይ ቆመለት።

የክብር ቤተ መዘክሩ ሮዜታን የተቀበላት በ2018 ነው፤ ከመጀመሪያው ምርጫ 32 ዓመት፣ ከሞተች 45 ዓመት በኋላ። ያስቀመጣትም በቀደምት አርአያዎች መደብ ነው። በበዓሉ ምሽት ስለ እርሷ የተናገረችውና ጊታር አንግታ ሥራዋን የተጫወተችው ብሪታኒ ሃዋርድ የተባለች፣ ከደቡባዊው ግዛት ከአላባማ የመጣች ወጣት ጥቁር ሴት ነበረች።